ከቢቸናና ከሞጣ መዛግብት እስከ ድኅረ ምረቃ ፈቃድ፦ የመረጃ አስተዳደር ትምህርት ታሪካዊ ቅኝት

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመረጃ አስተዳደር ሙያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመክፈት በአገራችን የተደረገውን ጥረትና የመንግሥት ፈቃድ የተጠየቀበትን መንገድ መለስ ብሎ መቃኘት፣ ከዚያም ይኸው ጥያቄ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ፣ ምን መልክ እንደሚይዝ ማሳየት ነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር እንጂ የመረጃ ሳይንስ ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ «ምን አገባህ?» የሚለኝ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። የገባሁበትን ምክንያት ባጭሩ ልናገር።

በ2013 ዓ.ም. በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በመዛግብትና በመረጃ አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ለመክፈት አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም የብራና ጽሑፎችን ጥቂት ስለማውቅና ትውልዴም ቢቸና ስለሆነ አባል እንድሆን ተጠየቅሁ። ሥርዓተ ትምህርቱን አረቀቅን። የመምህራን ዝርዝር፣ የመጻሕፍት ዝርዝርና የበጀት ሠንጠረዥ አያይዘን ለሚመለከተው አካል ላክን። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰነዱ ተመለሰ። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፎ ነበር፤ ይኸውም የፕሮግራሙ የገበያ ፍላጎት በበቂ ሁኔታ አልታየም የሚል ነው። ሰነዱን የመለሰውን አካል ስም መጥራት አስፈላጊ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ያቀረብነው የፍላጎት ዳሰሳ ደካማ ነበር። ለመሥሪያ ቤቶች መጠይቅ በትነን «ባለሙያ ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብለን ጠየቅን፤ «አዎን» አሉን፤ ያንኑ በመቶኛ አስልተን ጻፍን። እንዲህ ያለ መቶኛ ማንንም አያሳምንም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። ለመረጃ አስተዳደር ባለሙያ ያለው ፍላጎት የሚለካው በምንድን ነው? በክፍት የሥራ ቦታ ብዛት ብቻ ነውን? በእኔ እምነት ዋናው መለኪያ ሌላ ነው፤ መዝገብ በጠፋበት ወይም መዝገብ በማይታመንበት ቦታ በሰው ኑሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ለዚህም የቢቸናና የሞጣ ታሪክ ጥሩ ምስክር ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ፈቃድ የመጠየቅን ታሪክ ማስቀደም ይገባል።

2. ፈቃድ ጠያቂና ፈቃድ ሰጪ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የድኅረ ምረቃ ነገር ገና ሩቅ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በቻርተር ሲቋቋም የትምህርት ጉዳይን የሚመለከት ሴኔት ኖረው። ከአብዮቱ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 109/1969 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በበላይነት የሚመለከት ኮሚሽን ተቋቋመ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ የታጨ መምህር ሻንጣውን አዘጋጅቶ ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ ከሄዱትም ሁሉም አልተመለሱም።

በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ለግል ተቋማትም የዕውቅና ፈቃድ ይሰጥ ጀመር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ይህን ኃላፊነት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተረከበ።

እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ትኩረቴን የሳበው የአዋጆቹ ቁጥር ሳይሆን የማመልከቻው ቋንቋ ነው። ማመልከቻ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ተደራሲ አለው፤ የሚጠበቅበት ወግም አለው። እንደ እኔ አነባበብ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለአዲስ ትምህርት የሚከራከር ሰው «ሥልጣኔ» የሚለውን ቃል ያስቀድማል። በደርግ ዘመን «የአገሪቱ የልማት ዕቅድ» ይላል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «አቅም ግንባታ»፣ «ጥራት»፣ «አግባብነት»፣ «ገበያ» የሚሉት ቃላት ተከታትለው ገብተዋል። እነዚህ ቃላት መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሁሉም የራሳቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ጠያቂው ለማስፈቀድ ሲል በፈቃድ ሰጪው ቃል መናገር ሲያበዛ፣ ከጉዳዩ ውስጥ በዚያ ቃል የማይነገረው ክፍል ቀስ በቀስ ይረሳል። የእኛም ሰነድ የደረሰበት ይኸው ይመስለኛል።

3. እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተው በር

በመረጃ ሙያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ነው። በእንግሊዝኛው ምኅፃረ ቃል «ሲሳ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ድጋፉ የመጣው ከዩኔስኮና ከካናዳው የዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማእከል ነው። በዚያው ዓመት በነዚሁ ድርጅቶች ድጋፍ በናይጄሪያ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ማእከል ተከፍቷል። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት በተለይ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሆኑት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች እንዲያገለግል የታሰበ ነበር። አዲስ አበባ ለዚህ እንግዳ አልነበረችም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለአህጉሩ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት ለመዘርጋት ከ1980 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ሲሠራ የቆየው በዚህችው ከተማ ነው።

ዘመኑን ልብ ማለት ይገባል። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በደርግ መንግሥት የመጨረሻ ዓመት፣ በሰሜን ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ትምህርት ቤቱ አብሮ አልወደቀም። የውጭ ድጋፉ ሲያበቃ ዩኒቨርሲቲው በራሱ በጀት ያዘው፤ ኋላም የኢንፎርማቲክስ ፋኩልቲ ሲቋቋም የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ክፍል ሆኖ ቀጠለ። ለአፍሪካ ተብሎ የተከፈተው ቤት በጊዜ ብዛት የኢትዮጵያ ቤት ሆነ።

ይህም በምርምሩ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚሁ ቤት የታተመ የአማርኛ ፊደልን በኮምፒዩተር ስለ ማስነበብ የሚያጠና የማስተርስ ጽሑፍ ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ነጋ ዓለማየሁና የሸፊልዱ ፒተር ዊሌት የአማርኛ ቃላትን ወደ ግንዳቸው ስለ መመለስ ያጠኑትን አሳተሙ። ነገሩ ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች በጣም ቅርብ ነው። «መዝገብ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ከዚሁ ሥር «መዛግብት»፣ «ተመዘገበ»፣ «አስመዘገበ»፣ «ምዝገባ»፣ «መዝጋቢ» ይወጣሉ፤ «በመዝገባችንም» ሲባል ደግሞ ከፊትም ከኋላም ይጨመርበታል። አንባቢ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያለ ድካም ያውቃል። ማሽን ግን ካልተነገረው አያውቅም፤ «መዝገብ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «መዛግብት» የሚለውን ሰነድ ሳያገኝ ይቀራል።

ከዚህም የቀለለ የሚመስል፣ ግን በየመዝገብ ቤቱ ብዙ ፋይል የቀበረ ችግር አለ። «ኃይሉ» የሚለው ስም በአንዱ ጸሐፊ እጅ በብዙኃን «ኀ»፣ በሌላው በሐመሩ «ሐ»፣ በሦስተኛው በሃሌታው «ሀ» ይጻፋል። የቤተሰብ ስም ስለሌለንም መዝገብ የሚደረደረው በሰውየው በራሱ ስም ነው። ታዲያ አንድ ባለጉዳይ ፋይሉን ለማግኘት ስሙን ብቻ ሳይሆን የዚያን ጊዜውን ጸሐፊ የፊደል ልማድ ማወቅ ሊኖርበት ነው። ይህን ችግር የመረጃ ሳይንስ ሰው ለብቻው፣ የቋንቋ ሰውም ለብቻው አይፈታውም።

በሌላ በኩል የብራናው ዓለም በራሱ መንገድ ይጓዝ ነበር። የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ፎቶግራፍ ተነሡ። ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በሚገኝ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ካታሎጉን በማዘጋጀት አሳለፉ። ይህ ታላቅ ውለታ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መረጃን መልሶ ማግኘት የሚያስተምረው ቤት ስለ ብራና አያስተምርም ነበር፤ ብራናን የሚያውቁትም ስለ መረጃ አደረጃጀት በወግ የሚማሩበት ቤት በአገራቸው አልነበራቸውም። እኛ ልንከፍት ያሰብነው ፕሮግራም ዓላማው እነዚህን ሁለት ዓለማት ማገናኘት ነበር። ማገናኘቱ ምን እንደሚጠቅም ለማየት ሞጣን ያህል ምቹ ቦታ የለም።

4. ሞጣ፦ የ«ዜጋ» ነገር

ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ ጊዜውም 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንደ ሌሎቹ ታላላቅ አድባራት ሁሉ ሞጣም የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና ውርስን የሚያሰፍርበት ጽሑፍ ነበረው። በአገራችን እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው በወንጌል ብራና ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነው። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ወንጌል ከቤተ መቅደስ አይወጣም፤ ጠባቂ አለው፤ ማንም በድፍረት አይፍቀውም። በጽሑፉ ውስጥ ቦታው፣ ሰጪውና ተቀባዩ፣ ምስክሮቹም በየስማቸው ይጠራሉ። መጨረሻው ላይ ቃሉን በሚያፈርሰው ላይ ግዝት ይቀመጣል። በዛሬ ቋንቋ ካልነው ማከማቻ፣ ኃላፊ፣ ማረጋገጫና ቅጣት ያለው ሙሉ የመረጃ አስተዳደር ሥርዓት ነው።

እነዚህ ጽሑፎች ለታሪክ ምን እንዳበረከቱ የሚያሳዩ ሁለት መጻሕፍት ልጥቀስ። ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ስለ መሬትና ማኅበረሰብ በሚያትት መጽሐፍ በየአድባራቱ ብራና ላይ የሰፈሩትን የመሬት ማስታወሻዎች መሠረት አድርገዋል። ሀብታሙ መንግሥቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ጥናቱ በምሥራቅ ጎጃም አድባራት መዛግብት ውስጥ «ዜጋ» የሚለውን ቃል ተከታትሎ አጥንቷል። ዛሬ «ዜጋ» ስንል የአገር ባለመብት የሆነውን ሰው ማለታችን ነው። በነዚያ መዛግብት ውስጥ ግን ዜጋ የመሬት መብት የሌለው፣ በባለ ርስቱ ጌታ ሥር የሚያገለግል ሰው ነው። ቃሉ በዘመናት ውስጥ ተገልብጧል ማለት ይቻላል።

ይህን ለተማሪዎቼ ባስተማርሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስለ አማርኛ ቃላት የትርጉም ለውጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። ነገሩ ግን የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ጎጃሜ ሁሉ ባለ ርስት ነበር» የሚለውን ልማዳዊ አስተያየት እንደገና እንድንመረምር ያስገድደናል። በታሪክ ውስጥ ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች እንደነበሩ የምናውቀው አንድ ጸሐፊ በብራና ጠርዝ ላይ ስለጻፈው፣ ከዚያም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ጠባቂ ስላላጣ ነው። ያ ብራና ቢጠፋ ኖሮ ከብራናው ጋር እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ይጠፉ ነበር።

5. ቢቸና፦ የ1960ው አመፅና ልብ ወለዱ

የሞጣው ምሳሌ መዝገብ ሲጠበቅ የሚገኘውን ጥቅም ያሳያል። መዝገብ ሳይታመን ሲቀር ምን እንደሚከተል የሚያሳየው ደግሞ ቢቸናንና ሞጣን አንድ ላይ ያነሣው የ1960 ዓ.ም. የገበሬዎች አመፅ ነው።

የጎጃም ገበሬ ከመሬት ልኬት ጋር የቆየ ጠብ ነበረው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ እንኳ ጎጃምን ከሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ለይቶ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍል ትቶት ነበር። በኅዳር 1960 ዓ.ም. አሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። በዚህ ሕግ ገማቾች በየቀበሌው ዞረው የገበሬውን ምርት ገምተው መጻፍ ነበረባቸው። በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ። አቤቱታ አቀረበ፤ ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሡ፤ ያልተከፈለ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ገብሩ ታረቀ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የገበሬ አመፆች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አመፅ በሰፊው አጥንተውታል። ከጥናቱ እንደምንረዳው የገንዘቡ መጠን ብቻውን አመፁን አይገልጸውም። ገበሬው የፈራው ግምቱ ልኬትን፣ ልኬቱ ደግሞ ርስት መነጠቅን ይዞ ይመጣል ብሎ ነው። የእናቴ አጎት በዚያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ። ልጅ ሆኜ «አያ፣ ግብሩ ያን ያህል ከብዶ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «ግብሩንስ አባቶቻችንም ከፍለዋል ልጄ። እኛ ያላወቅነውን ወረቀት ነው እንቢ ያልነው። እሱ ጽፎ ይሄዳል፤ ምን እንደ ጻፈ ማን ያነብልሃል?» አሉኝ።

በእኔ አስተያየት ይህ ንግግር ስለ መረጃ አስተዳደር ከተጻፉ ብዙ ገጾች ይበልጣል። አንድ መዝገብ በተመዝጋቢው ዘንድ መሣሪያ ወይም ጋሻ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ማን ይጽፈዋል፣ ማን ያየዋል፣ ግልባጩስ በማን እጅ ይቀራል የሚለው ነው። ከአመፁ 35 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ገደማ፣ የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀምር በሙከራነት ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ በዚያው በምሥራቅ ጎጃም የጎዛምን ወረዳ ነበር። በዚህ ጊዜ ገበሬው ምዝገባውን በጠመንጃ አልተቀበለውም። ልዩነቱን የፈጠሩት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ግን የይዞታ ደብተሩ በባለ መሬቱ በራሱ እጅ፣ በራሱ ሳጥን ውስጥ መቀመጡ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሊያልፈው የማይችለው ነገር አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩት ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስም ጭምር ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በጉልት ገዥው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ። ልብ ወለዱ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛው አመፅ ተነሣ። ደራሲው ትንቢት ተናገሩ ማለቴ አይደለም፤ የሚጽፉለትን ምድር ያውቁት ነበር ማለቴ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአበጀ በለውን ነገር ከተማሪዎቼ የማያውቀው የለም። የ1960ውን ግን ከአሥሩ አንዱ እንኳ ሰምቶት አያውቅም። ልብ ወለዱ ታትሞ፣ ተደጋግሞ፣ በሬዲዮ ተተርኮ ደረሰን። የእውነተኞቹ ገበሬዎች አቤቱታ፣ የአውራጃ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግን በየመጋዘኑ ነው ያለው፤ ያውም ካለ።

6. መጋዘኑ

ሰነዳችን ከተመለሰ በኋላ፣ በዚያው በ2013 ዓ.ም.፣ የፍላጎት ዳሰሳውን እንደገና ለመሥራት ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሄድሁ። ሁለቱም በቀድሞው አስተዳደር የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አውራጃ ቀርቶ ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫዎች ሆኑ። አውራጃ ሲፈርስ መዝገቡን ማን ይውረሰው የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ያገኘ አይመስልም። በ1991 ዓ.ም. የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ወጥቶ የአገር ሰነድ እንዲጠበቅ ደንግጓል። ከአዲስ አበባ እስከ ወረዳ መጋዘን ያለውን ርቀት ግን አዋጅ ብቻውን አይሞላውም።

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተቀበሉኝ። ጡረታቸው ደርሷል። ከጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት የተሞሉ ፋይሎች እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በአንዱ ጥግ ያለውን ቁልል አንድ ወጥ ጡብ አድርጎታል። መጠይቄን አውጥቼ ለመጠየቅ ስዘጋጅ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። የአባታቸውን የወሰን ፍርድ ፍለጋ ሲመጡ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ንግግራቸውን እንደሰማሁት ልጻፈው።

«አባባ፣ ፍርዱ የተሰጠው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

«ዓመቱን ምኑን ዐውቄው እታለም። አባቴ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ያ ቀጭኑ ዳኛ በነበረ ጊዜ።»

«ጸሐፊውስ ማን ነበር?»

«ያ ግራኙ።»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና ወደ አንድ ከረጢት ሄዱ። ወደ ግራ የተጋደመ እጅ ጽሑፍ ያለባቸውን ወረቀቶች እየለዩ ማገላበጥ ጀመሩ። ያን ቀን ፍርዱ አልተገኘም፤ ከዚያው ዳኛና ከዚያው ጸሐፊ ዘመን የሆኑ ሌሎች ፋይሎች ግን ተገኙ። ሽማግሌው «እንግዲህ ቀረብን ማለት ነው» ብለው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዘው ሄዱ።

እኔም መጠይቄን ወደ ቦርሳዬ መለስሁት። የዚያ መጋዘን ካታሎግ በአንዲት ሴት ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ዳኞቹን በመልካቸው፣ ጸሐፊዎቹን በእጃቸው፣ ዘመኑን በሰው ሞትና በድርቅ ያውቁታል። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ሲወጡ ካታሎጉ አብሮ ይወጣል። «የሚተካዎት ሰው አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቦታው በመዋቅር ላይ አለ፤ ሙያው ግን ምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። «ፍላጎት አልታየም» ለሚለው ደብዳቤ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ፍላጎቱ ሦስት ጊዜ በእግሩ መጥቷል፤ እኛ የምንቆጥረው ግን በሌላ ሠንጠረዥ ነው።

7. መደምደሚያ

ከላይ እንደታየው በመረጃ ሙያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የመክፈት ጥያቄ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ጊዜ ተመልሷል። መልሱም ፍሬ አፍርቷል። ያ በር የተከፈተው ወደ ኮምፒዩተሩና ወደ ዓለም አቀፉ የመረጃ ልውውጥ ነበር፤ ለዘመኑም ተገቢ ነበር። ያልተከፈተው ወደ ብራናው ጠርዝና ወደ አውራጃው መጋዘን የሚያስገባው ነው።

ኮሚቴያችን ሰነዱን እንደገና ሲጽፍ ሦስት ነገሮች ለውጧል። አንደኛ፣ ግእዝና የብራና ጽሑፍ ጥናት ከመረጃ አደረጃጀት ጋር በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ገብተዋል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ለመመረቂያው አንድ የወረዳ መዝገብ ቤት ወይም የአንድ ደብር ዕቃ ቤት ዝርዝር እንዲያዘጋጅ ተደርጓል። ሦስተኛ፣ በፍላጎት ዳሰሳው ውስጥ የአሠሪዎችን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ባለጉዳዮችንም ጨምረናል፤ ማን ምን ሰነድ ፈልጎ መጣ፣ ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ በማጣቱስ ምን ደረሰበት የሚለውን። ይህ ሦስተኛው በቅጹ ላይ ቦታ ስላልነበረው በአባሪነት አያይዘነዋል። ፈቃድ የሚሰጡ አካላት «ፕሮግራሙ ቢከፈት ምን ይገኛል?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ባይከፈት ምን ይጠፋል?» የሚል ቢጨምሩ መልካም ነው እላለሁ።

ሰነዱ እስከ ዛሬ አልጸደቀም፤ አልተመለሰምም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት እኔም ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ተመልሼ አልሄድሁም። ሠራተኛዋ ጡረታ መውጣታቸውን በስልክ ሰምቻለሁ። ስለ ሽማግሌው ፍርድ ብጠይቃቸው፣ ከመውጣታቸው በፊት ያንን የግራኙን ጸሐፊ ፋይሎች በአንድ ከረጢት ሰብስበው፣ ላዩ ላይ የጸሐፊውን ስም በቀለም ጽፈው፣ ውሃ ከማይደርስበት ጥግ እንዳስቀመጡት ነገሩኝ።

ይህ ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የታሪክ፣ የሕግና የመረጃ ሳይንስ ባለሙያዎች በየበኩላቸው የሚሉት እንደሚኖር አምናለሁ። በተለይ በየአውራጃው ከተማ ተወልደው ያደጉ መምህራን የየአገራቸውን መዝገብ ቤት አንድ ጊዜ ገብተው ቢያዩና ያዩትን ቢጽፉ፣ የሚቀጥለው ማመልከቻ ከእኛው የተሻለ ይሆናል።